ማድቤቱን ከምናለሽ ተራ ዕቃ ሰራነው፦ ምኑ ይገዛል፣ ምኑ ይተዋል

ጓሯችሁ ላይ ማድቤት፣ የዶሮ ቤት፣ የዕቃ ማስቀመጫ ምናምን መስራት አስባችሁ የአዲስ ቆርቆሮና የላሜራ በር ዋጋ ስትሰሙ የተዋችሁት ካላችሁ ይሄን አንብቡት። እኛ በ2017 መጋቢትና ሚያዝያ ላይ 3 በ4 ሜትር የሆነ ማድቤትና አንድ ትንሽዬ የዶሮ ቤት ሰርተናል፣ አብዛኛውን ዕቃ ደሞ የገዛነው ምናለሽ ተራ ነው። ቶሎ ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው፣ ክረምት ሳያልፍበት ስለ ቤት ማውራት ምን ዋጋ አለው ብዬ። አሁን ሐምሌም ነሐሴም አልፎበታል፣ ስለዚህ ያየሁትን ሁሉ ልንገራችሁ።

ላነበባችሁ ሁሉ ጊዜ እንዳላባክን ፍርዴን መጀመሪያ ልበለው። ለበር፣ ለመስኮት፣ ለድሮ እንጨት፣ ለማጠፊያና ለበርሜል ላሜራ ከምናለሽ ተራ የተሻለ ቦታ አላየሁም። ለግድግዳ ቆርቆሮም ጥሩ ነው ግን ዓይን ይፈልጋል። ለጣሪያ ቆርቆሮ ግን በጭራሽ፣ ጣሪያችሁን አዲስ ግዙ። ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

የምንኖረው አስኮ ነው። ማድቤት የፈለግነው በእናቴ ምክንያት ነው። በኤሌክትሪክ ምጣድ ነበር የሚጋገረው፣ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር የተቦካው ሊጥ እንዲሁ ይቀመጣል፣ ሲቆይ ይኮመጥጣል፣ እሷ ደሞ ሊጥ ሲበላሽ ማየት አትችልም፣ ሰርቪሷ ውስጥ እንጨት አንድዳ ትጋግራለች። መስኮቷ ትንሽ ናት፣ ጭሱ መውጫ የለውም፣ ስትወጣ ዓይኗ ደም መስሎ ነው የምትወጣው። ጠዋት ስትነሳ ዓይኗን በሞቀ ውሃና በጨርቅ ስታሽ ሳይ በቃ ይሄ ነገር ዘንድሮ ማለቅ አለበት አልኩ። በአዲስ ዕቃ አንድ ኮንትራክተር ቢጤ አስጠይቄ ከ110 ሺህ ብር በላይ ነገረኝ። ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብረት ነክ ነገር የሚነካ አልሆነም፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። ሰፈራችን ያሉ አንድ የቆዩ አናጢ ናቸው «ልጄ ምናለሽ ተራ ውሰጂኝና ግማሹን እናወርደዋለን» ያሉኝ፣ እውነታቸውን ነበር።

ለማታውቁት፣ ምናለሽ ተራ መርካቶ ውስጥ ያለ የአሮጌ ዕቃ መንደር ነው። ስሙ ራሱ ስራውን ይናገራል፣ «ምን አለሽ» ነው። ሰፈር ለሰፈር «ቁራሌው!» እያሉ የሚዞሩትን ልጆች ታውቋቸዋላችሁ አይደል፣ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ያጠረ ጥሪ ነው፣ እነሱ ከየቤቱ የሚሰበስቡት ጣሳ፣ ጠርሙስ፣ ብረት፣ የተሰበረ ወንበር ብዙው የሚያርፈው እዚህ ነው። የፈረሰ ቤት በርና መስኮት፣ ጣውላ፣ ቆርቆሮ፣ የውሃ ቱቦ፣ የበርሜል ላሜራ፣ ሚስማር ሳይቀር አለ። አንዱ ጥግ ይሸጣል፣ አንዱ ጥግ ይቀጠቀጣል፣ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። አንድ ሰው የተጣለ በርሜል ይዞ ገብቶ ሌላ ሰው ምድጃ ገዝቶ ይወጣል። መርካቶን ገበያ ያደረጋት ጣልያን በወረራው ጊዜ ነው ይባላል፣ ላሜራ፣ ፌሮ፣ ኮምፔንሳቶ የምንላቸው ቃላትም ከዛው ከጣልያንኛ የቀሩ ናቸው፣ እዚህ ቦታ ቀኑን ሙሉ ስትውሉ ሌላ ነገር አትሰሙም።

እሁድ አትሂዱ፣ ብዙው ዝግ ነው። ቅዳሜ ዕቃ ይበዛል ሰውም ይበዛል። እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ነበር የምንደርሰው፣ ከ4 ሰዓት በኋላ መንቀሳቀሻ የለም፣ ጥሩ ጥሩው በርም ተመርጦ አልቋል። ስልክና ቦርሳችሁን ጠበቅ አርጉ፣ እጃችሁ ነጻ ይሁን፣ ወፍራም ጫማ አድርጉ፣ መሬቱ ላይ ሚስማር እንደ ጠጠር ነው የተበተነው።

አሁን ዋናው ነገር። ያገለገለ ዕቃ ልትሰሩበት ከሆነ ልኩን አስቀድማችሁ አትወስኑ። አናጢያችን መሰረት እንኳን ሳይቆፈር «መጀመሪያ በሩን፣ መስኮቱን፣ ቆርቆሮውን ገዝተን ግቢ እናስገባ፣ ከዛ ነው ቤቱ ስንት በስንት እንደሚሆን የምነግርሽ» ሲሉኝ ነገሩ ግልብጥ ብሎብኝ ነበር። እኔ እቤት ቁጭ ብዬ በወረቀት ስዬ በሩ 90 ሳንቲ፣ መስኮቱ 1 ሜትር ከ20 ብዬ ጽፌ ነበር። ምናለሽ ተራ ግን 90 ሳንቲ በር ስጡኝ ብትሉ የሚሰጣችሁ ያለውን ነው። ያገኘነው በር 82 ነው። መስኮቶቹ 1 ሜትር ከ5 ናቸው። ብሎኬቱን በኔ ወረቀት ደርድረን ቢሆን ወይ ማፍረስ ወይ በሩን በአዲስ ማሰራት ነበር፣ ጎረቤታችን እንደዛ ሆኖበት ነው፣ የበሩን ቦታ ክፍት ትቶ ሶስት ሳምንት ሲፈልግ ቆይቶ መጨረሻ ላይ የላሜራ በር በአዲስ አሰራ፣ ያተረፈው ሁሉ በዛ በር ሄደ።

በሩን ያገኘነው በሁለተኛው ቅዳሜ ነው። ግድግዳ ተደግፈው ከተደረደሩ ሀያ ምናምን በሮች መሀል ነበር፣ ቡናማ ቀለም የተቀባ፣ ከስሩ አረንጓዴ የነበረ፣ ከዛ ስር ደሞ ሌላ ቀለም ያለው፣ ታች በኩል ውሻ የቧጨረው የሚመስል። እኔ አልፌው ነበር። አናጢያችን ግን ቆሙ፣ በአንድ እጃቸው ከፍ ሊያደርጉት ሞከሩ፣ ከበደ። ከኪሳቸው ሴንጢ አወጡና ማጠፊያው የሚገባበት ጎን ላይ፣ ማንም የማያየው ቦታ፣ ጥፍር የምታክል ፋቁ። ውስጡ ቀላ ያለ ነው። «አሽትቺው» አሉኝ። ልክ ልጅ ሆነን እርሳስ ስንቀርጽ የነበረው ሽታ! ያ ሁሉ ዓመት ቀለም ስር ተዘግቶ ኖሮ ሽታው አልጠፋም። ጠጋ ብለው በጆሮዬ «ጥድ ነው፣ ዝም በይ» አሉኝ፣ ሻጩ እንዳይሰማ። ለካ የኛ ሀገር ጥድ በውጭ እርሳስ ይሰራበት የነበረ እንጨት ነው፣ ልቡን ምስጥ አይደፍረውም። ዝግባም ቆንጆ እንጨት ነው፣ አይጣመምም፣ በር ይወጣዋል፣ ግን ምስጥን አይችልም፣ መሬት የሚነካ ቦታ ላይ መሆን የለበትም። ሻጩ 5 ሺህ ብሎ ጀመረ፣ ከነመቃኑ በ3,500 ወሰድነው። ዛሬ በአዲስ የጥድ በር ልግዛ ብትሉ ጥዱን ራሱ ከየት ታገኙታላችሁ?

ስለዚህ በር ስትገዙ ክብደቱን እዩ፣ ፍቃችሁ አሽትቱ፣ አራቱንም ማዕዘን ሰያፉን በሜትር ለኩ፣ ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ ሁለቱም መንገድ እኩል ካልሆነ ተጣሟል ማለት ነው። ታችኛውን ጠርዝ በሚስማር ውጉት፣ እንደ ቂጣ ከገባ በስብሷል። መቃኑን አትተዉት፣ ከነመቃኑ ካልሆነ ሌላ መቃን ማሰራት የበሩን ዋጋ ያክላል።

ቆርቆሮ ላይ ግን ተበልቻለሁ፣ እሱንም ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ አናጢያችን ሳይመጡ እኔና ወንድሜ ብቻችንን ሄደን 10 ቆርቆሮ በሽቦ የታሰረ ገዛን። ከላይና ከታች ያሉት ንጹህ ናቸው፣ ሻጩም «እህቴ ሁሉም አንድ ቤት ላይ የነበረ ነው፣ አንድ ዓይነት ነው» አለኝ፣ አመንኩት። ግቢ አስገብተን ሽቦውን ስንፈታ አራቱ መሀላቸው ወንፊት ነው፣ በጣት ስትነኩት ይረግፋል። ወንድሜ በሳምንቱ ሄዶ ሰውዬውን አጣው። ስለዚህ የታሰረ አትግዙ፣ ያስፈቱላችሁ፣ አልፈታም ካለ ጥላችሁ ሂዱ። አንድ በአንድ አንስታችሁ ወደ ፀሐይ አዙሩት፣ ብርሃን በትንንሽ ነጥብ ካሳለፈ አለቀ። ጠርዙን በጣታችሁ ትንሽ አጠፍ ስታደርጉት ተመልሶ ከቆመ ብረቱ አለ፣ ከተሰነጠቀ የለም። ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት ነገር ብቻ ካለ አትደንግጡ፣ እሱ የዚንኩ ነው። ቀይ ዝገት በተለይ ሁለቱ ቆርቆሮ ተደራርቦ የነበረበት መስመር ላይ ከሆነ ነው ክፉው፣ እዛ ጋ ውሃ ታቁሮ ነው የከረመው።

ደሞ አንድ ነገር፣ የድሮ ቆርቆሮ ደህና ሲገኝ ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ይወፍራል። አዲስ ስትገዙ ጌጅ የሚባለው የውፍረት ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ቆርቆሮው እየሳሳ ነው የሚሄደው፣ 35 ጌጅ ከ28 ጌጅ በጣም የሳሳ ነው፣ ብዙ ሰው ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን ጠንካራ ይመስለዋል። እኛ ለግድግዳ ካነሳነው ውስጥ በእጅ ሲያዝ የማይንቀጠቀጥ፣ ሲመታ እንደ ጣሳ የማይጮህ ነበረበት፣ 18 ቆርቆሮ አንዱን በ250 ብር ሂሳብ ወሰድን።

ታዲያ ለጣሪያስ ለምን አይሆንም? ቀዳዳው ነው ነገሩ። እያንዳንዱ አሮጌ ቆርቆሮ የድሮ ሚስማር ቀዳዳ አለው፣ ቀዳዳው ያለው የድሮው ቤት ማገር በነበረበት ርቀት ነው፣ የናንተ ማገር እዛው ርቀት ላይ አይውልም። በስነስርዓቱ ሚስማር የሚመታው ጉብታው ላይ ነው፣ ውሃው በስርጓዱ ነው የሚወርደው፣ ግን የድሮ ሰራተኛ ሁሉ እንደዛ አልመታም፣ ስርጓዱ ላይ የተበሳ ብዙ አለ። በካትራሜና በጨርቅ ትደፍኑታላችሁ፣ በጋውን ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል፣ ሰኔ ሲገባ ያፈሳል። ግድግዳ ላይ ግን ውሃው ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ቀዳዳው ብዙ አይጎዳም። እኛ ለማድቤቱ ጣሪያ 12 አዲስ ቆርቆሮ 32 ጌጅ በ750 ብር ገዛን፣ 9 ሺህ ብር፣ ከጠቅላላው ወጪ ትልቁ ዕቃ እሱ ነው። የዶሮ ቤቱን ጣሪያ ግን «ዶሮ ምን ይሆናል» ብለን በአሮጌው ከደንነው። ማድቤቱ ክረምቱን ሙሉ አንዲት ጠብታ አላስገባም። የዶሮ ቤቱ ሐምሌ ሳያልቅ አፈሰሰ፣ ወለሉ ረጠበ፣ ሁለት ጫጩት ሞቱብን፣ እናቴ በጣም ነው ያዘነችው። ነሐሴ ላይ አፍርሰን በአዲስ ከደንነው። ከዚህ በላይ ማስረጃ የለኝም።

የበርሜል ላሜራው ግን እንዴት ደስ የሚል ነገር መሰላችሁ። 200 ሊትር የሚይዘውን በርሜል ላዩንና ቂጡን ቆርጠው፣ ጎኑን ቀደው፣ በመዶሻ እየቀጠቀጡ ሲዘረጉት ወደ 1 ሜትር ከ80 በ88 ሳንቲ ይሆናል። ውፍረቱ ከቆርቆሮ ጋር አይገናኝም። አንድ ልጅ፣ ሀያ ዓመት ይሆነዋል፣ በርሜል ላይ እግሩን አንፈራጦ ቆሞ ሲመታ አየሁት፣ እያንዳንዷ ምት ከቀድሞዋ ጎን ነው የምታርፈው፣ አንድም ቦታ ደግሞ አይመታም፣ ጨርሶ ሲያነሳው ዝርግ ነው፣ ሜትር የለው ምን የለው። አራት ገዛን አንዱን በ900 ብር። ከምድጃው ኋላና ጎን ያለውን ግድግዳ በሱ ሸፈንነው፣ እሳቱ እንጨቱን እንዳያገኘው። እዚህ ጋ አናጢያችን ያሳዩኝ ነገር፣ ላሜራውን እንጨቱ ላይ አይለጥፉትም፣ በመሀል አራት ጣት ክፍተት ትተው ነው የሚመቱት፣ ከስርም ከላይም ክፍት፣ አየር እንዲዞር። ከተለጠፈማ ላሜራው ራሱ ግሎ እንጨቱን ያቃጥለዋል። ምድጃው ሲነድ ከኋላው ያለውን እንጨት ነክቼዋለሁ፣ ለብ ያለ ብቻ ነው።

ግን በርሜል ስትገዙ ምን እንደነበረበት ጠይቁ። የዘይት ከሆነ ችግር የለውም፣ መጀመሪያ ውጭ ላይ እሳት አንድዳችሁ ቅባቱን አቃጥሉት። የኬሚካል ከሆነ፣ የራስ ቅል ምልክት ነገር ካለበት፣ ወይ አፍንጫችሁን የሚወጋ ሽታ ካለው ለማድቤት አይሆንም። ያልተቆረጠ በርሜል ገዝታችሁ ሰፈር በያጅ ጋ ልትወስዱ ካሰባችሁ ደሞ እባካችሁ አትሞክሩት፣ ቤንዚን የነበረበት በርሜል ባዶ ነው ተብሎ እሳት ሲነካው ይፈነዳል፣ ውስጡ የቀረው ጋዝ ነው የሚፈነዳው። ተቆርጦ የተዘረጋውን ግዙ።

በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ እንዳትገቡባቸው የምላችሁም አሉ። አንደኛው ግራጫ የሆነው የሲሚንቶ ክዳን ነው፣ እንደ ቆርቆሮ ሞገድ ያለው ግን ወፍራምና ከባድ። የድሮው አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፣ ሲቆረጥ ወይ ሲበሳ የሚወጣው ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር የሚያመጣ ነው፣ በዓይን የሚታይ ነገር ስላልሆነ ጭምብል አርጌያለሁ ብሎ መድፈርም አያስፈልግም። ለዶሮ ቤት ጥሩ ነው ብሎ ሊሸጥልኝ የነበረ ሰው ነበር፣ ክፋት አይመስለኝም፣ አያውቅም። ሁለተኛው የድሮ ቀለም ነው። በሩ ላይ ያለው ቀለም እርሳስ የተባለው ብረት ሊኖረው ይችላል፣ ስለዚህ ደረቁን በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ፣ እኛ እያረጠብን ነው የፋቅነው፣ የፋቅነውንም ላስቲክ ላይ ሰብስበን ነው ያስወገድነው፣ ልጆችም ዶሮዎችም እንዳይደርሱበት። ዶሮ ያገኘችውን ሁሉ ትለቅማለች፣ ያ ቀለም ደሞ እንቁላሉ ውስጥ ይገባል፣ እንቁላሉን የሚበላው ልጃችሁ ነው። ስለዚህ ለዶሮ ቤቱ ቀለም የተቀባ እንጨት አንዱንም አልተጠቀምንም፣ ከዕቃ ማሸጊያ የተፈታ ጥሬ ሳንቃ ገዛንለት።

ሶስተኛው የህሊና ጉዳይ ነው። የመንገድ ቱቦ ክዳን የነበረ ብረት፣ ገና ሽፋኑ የሚያብለጨልጭ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የአጥር ፍርግርግ ከነሲሚንቶው የተነቀለ ስታዩ አትግዙ። ክዳኑ በተወሰደ ቱቦ ውስጥ ማታ የሚወድቀው የአንዳችን ልጅ ወይ እናት ነው። ደረሰኝ የሚባል ነገር ስለሌለ መጠየቅ የናንተ ፈንታ ነው፣ «ከየት መጣ» ስትሉ ከፒያሳ የፈረሰ ቤት ነው፣ ከካዛንቺስ ነው ብሎ ዘርዝሮ የሚነግራችሁ አለ፣ ዓይኑን የሚያሸሽም አለ፣ መለየት አይከብድም።

ሰዎቹን በተመለከተ፣ አንዱ ስለሸወደኝ ሁሉንም መውቀስ አልችልም፣ ምክንያቱም እኚህ እናት አሉ። ማዳበሪያ አንጥፈው ማጠፊያ፣ እጀታ፣ መቀርቀሪያ፣ በጣሳ በጣሳ የተቃና ሚስማር ይሸጣሉ። ለበሩ ማጠፊያ ሳነሳ «እማማ ይሄ ስንት ነው?» አልኳቸው። ከእጄ ወሰዱት፣ ከፈት ዘጋ አደረጉት፣ ዘንጉን በጥፍራቸው ነኩና «ይሄን ለመስኮት አርጊው ልጄ፣ ለበር አይሆንሽም፣ ተበልቷል። በሩ ከባድ ነው አላልሽም?» አሉ። ከኋላቸው ካለ ጣሳ ውስጥ ሶስት ወፋፍራም የድሮ የነሐስ ማጠፊያ አወጡ፣ ዋጋውም ያን ያህል አልበለጠም። ከዛ በኋላ በሄድኩ ቁጥር እሳቸው ጋ ነው መጀመሪያ የማርፈው፣ ማን ጋ ምን ዕቃ እንደገባም ይነግሩኛል፣ መስኮቶቹን ያገኘሁት በሳቸው ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ቀን ሁሉንም ልግዛ አትበሉ፣ ትንሽ ገዝታችሁ ሰው ተዋወቁ። ዋጋ ላይ መከራከር ያለ ነው፣ ከተጠራው ሲሶ ያህል ይወርዳል፣ ግን ሰው የለፋበት ላይ፣ እንደ በርሜል ላሜራው ላይ፣ እኔ ብዙ አልከራከርም።

ማጓጓዣው ላይ ተዘጋጁ። ኩሊው ከውስጥ እስከ መኪና፣ መኪናው እስከ ሰፈር፣ ሰፈር ስትደርሱ ደሞ ጫኝና አውራጆች አሉ። እኛ ሁለቴ በትንሽ ፒካፕ ነው ያመጣነው፣ በአጠቃላይ 2,500 ብር ወጥቷል። የማውረጃውን ሂሳብ ዕቃው ከመነካቱ በፊት ተነጋገሩ፣ ከወረደ በኋላ የሚጠየቀው ሌላ ነው። ሶስት ቆርቆሮና አንድ መስኮት ለመግዛት መኪና መከራየት ኪሳራ ነው፣ ከጎረቤት ጋር ተጋርታችሁ ሂዱ።

አሰራሩ ላይ ብዙ አልልም፣ አናጢ ያውቀዋል። ቢሆንም ያዋጣንን ልናገር። ከመሬት 60 ሳንቲ ድረስ ብሎኬት ነው፣ ሶስት ድርድር፣ መቶ ገደማ ብሎኬት ፈጀ፣ አሸዋው ጎረቤት ሲገነባ የተረፈው ነበር። ከዛ በላይ ነው ቆርቆሮው የሚጀምረው፣ ስለዚህ ቆርቆሮም እንጨትም እርጥበት አያገኘውም፣ ያገለገለ ዕቃን የሚገድለው የመሬቱ እርጥበት ነው። ቋሚው አዲስ ባህር ዛፍ ነው፣ ታቹን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሁለት ሶስቴ አጠጥተነዋል ለምስጥ። ጣሪያው ወደ አንድ ጎን ብቻ ያዘነበለ ነው፣ ከፍ ያለው ጎን ላይ ከግድግዳው እስከ ጣሪያው ግማሽ ሜትር ያህል ክፍት ትተን በወንፊት ሽቦ ዘጋነው፣ ጭሱ በዛ ይወጣል። ይሄ ነው ለኔ ዋናው ነገር። ምድጃው ነዶ በሩ ተዘግቶ እንኳን ጭሱ ከጭንቅላት በላይ ነው የሚሄደው፣ እናቴ አሁን ስትጋግር ዓይኗ አይቀላም፣ ጠዋት ጠዋት ያ ጨርቅ ቀርቷል። ከመጀመራችሁ በፊት ወረዳ ሄዳችሁ ጠይቁ ደሞ፣ ጓሮ ነው ቆርቆሮ ነው ብላችሁ ስትጨርሱ አፍርሱ ብትባሉ ያ ሁሉ ልፋት ገደል ነው የሚገባው።

ክረምቱ ምን አሳየን? ጣሪያውን ነግሬያችኋለሁ። ግድግዳው ላይ ነፋስ በሚመጣበት ጎን አንድ መደራረቢያ ላይ ውሃ ገባ፣ መደራረቡ ጠቦ ነበር፣ ቢያንስ አንድ ተኩል ሞገድ መደራረብ ነበረበት፣ ከውጭ አንድ ቁራጭ መትተንበት ቆመ። የብረት መስኮቶቹ ጥጋቸው ላይ ዝገት ጀምሯቸዋል፣ ፀረ ዝገት ሳንቀባ ነው የገጠምናቸው፣ የኛ ስህተት ነው፣ በዚህ በጋ እንቀባቸዋለን። በሩ ግን ነሐሴ በሙሉ አላበጠም፣ አልተጣበቀም፣ በአንድ ጣት ይዘጋል።

ገንዘቡ፣ የአናጢና የረዳት ስድስት ቀን ስራ ጨምሮ ማድቤቱ ብቻ 51 ሺህ ብር ገደማ ነው የፈጀው። ከተጠየቅነው ከግማሽ በታች ማለት ነው። የተበላሹትን አራት ቆርቆሮዎች አልቆጠርኩም። ጊዜውን ግን ቁጠሩት፣ ስድስት ቅዳሜ ነው የሄድነው፣ ቅዳሜ ሙሉ ቀን የምትሰሩ ከሆነ ወይ አብሯችሁ የሚሄድ ዓይን ያለው ሰው ከሌላችሁ ይሄ ለናንተ ላይሆን ይችላል። የአናጢውን አንድ ቀን አበል ከፍላችሁ ገበያ ይዛችሁ መሄድ አያስቆጫችሁም፣ እኔ የመጀመሪያውን ቅዳሜ እሳቸውን ይዤ ሄጄ ቢሆን የቆርቆሮው ነገር አይደርስብኝም ነበር።

አሁን እናቴ ከማድቤቱ ጎን ለማገዶ የሚሆን ትንሽ በረንዳ ትፈልጋለች፣ እንጨቱ ዝናብ እንዳይመታው። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ እንሄዳለን። ስንት በስንት ይሁን ብላ ስትጠይቀኝ ገና አልነገርኳትም፣ መጀመሪያ እማማ ጋ ሄደን ምን እንደገባ እንይ ብያታለሁ።